ከኮንሰርት በፊት የትራምፔት ተጫዋች ከንፈር፦ ምን ያህል መለማመድ፣ መቼ ማረፍ?

ጥያቄ፦ «ትራምፔት መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከባንዳችን ጋር 80 ደቂቃ የሚፈጅ ኮንሰርት አለኝ። ባንዱ ውስጥ ሳክስፎንና ትሮምቦን አሉ፤ ትራምፔት ግን እኔ ብቻ ነኝ። የመጨረሻው ሙዚቃ የሚያልቀው ሀይ ሲ በምትባለው ከፍ ያለች ኖታ ላይ ነው። ጽናት እንዲኖረኝ ብዬ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያህል ሳላቋርጥ እለማመዳለሁ፤ የኮንሰርቱንም ሙዚቃ በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር እጫወተዋለሁ። ግን ከመሻሻል ይልቅ እየባሰብኝ ነው። 40ኛው ደቂቃ አካባቢ ከንፈሬ ይዝላል፣ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች አልወጣ ይሉኛል። ጠዋት ስነሳ ከንፈሬ ወፍሮና ደንዝዞ አገኘዋለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ትንሽ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት የትራምፔቱ አፍ) ግዛ ይለኛል፤ ሌላው እርሳስ በከንፈርህ ይዘህ ተለማመድ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ችግርዎ የልምምድ ማነስ ሳይሆን የዕረፍት ማነስ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ሳያቋርጡ መጫወት ከንፈርዎን አያጠነክረውም። ትናንት የደከመውን ዛሬ ደግመው ያደክሙታል፤ ነገ ደግሞ በደከመ ከንፈር ይጀምራሉ። «እየባሰብኝ ነው» ያሉት ከዚህ የመጣ ነው። አምስት ሳምንት ብዙ ነገር ለማስተካከል ይበቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ከንፈርዎ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ መረዳት አለብዎት።

ትራምፔት ላይ ድምፅ የሚፈጥረው ማውዝፒሱ ውስጥ የገባው የከንፈር ክፍል ነው። የማውዝፒሱ የውስጥ ወርድ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንፋሽ ሲያልፍ የሚርገበገበው በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ ያለው ሥጋ ነው። ኮንሰርትዎን የሚዘጋውን ሀይ ሲ በቢ ፍላት ትራምፔት ሲነፉት ከንፈርዎ በሰከንድ 930 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ከእሱ አንድ ኦክታቭ (በኖታ መሰላል ላይ ስምንት ደረጃ) ዝቅ የሚለው ሲ የዚያን ግማሽ ነው የሚፈልገው። የሚርገበገበው ሥጋ ግን ራሱን በራሱ አይዝም። የሚይዘው አፍን እንደ ቀለበት የከበበው ጡንቻ ነው፤ እሱንም ከአፍ ማዕዘንና ከጉንጭ በኩል ያሉት ጡንቻዎች ይደግፉታል። እነዚህ ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ተወጥረው መቆየትን የሚለምዱት ቀስ በቀስ፣ በመሥራትና በማረፍ መፈራረቅ ነው።

ስለዚህ «ከንፈሬ ደከመ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የጡንቻ ድካም ነው። የአፍ ማዕዘኖች መያዝ ያቅታቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትንፋሽ በጎን ያመልጣል። ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ትራምፔቱን አውርደው ጥቂት ደቂቃ ሲያርፉ አብዛኛው አቅም ይመለሳል። ሌላው የሥጋው መጎዳት ነው። ማውዝፒሱ ከንፈርን ከጥርስ ጋር ሲያጣብቀው ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ጫናው ሲደጋገም ያብጣል። ያበጠ ከንፈር ደግሞ በለስላሳ ትንፋሽ አይነሳም። ያኔ ተጫዋቹ ይጫናል። ሲጫን ለጊዜው ኖታው ይወጣል፤ እብጠቱ ግን ይጨምራል፣ ቀጣዩ ኖታም የባሰ መጫን ይጠይቃል። 40ኛው ደቂቃ ላይ የሚሰማዎት ውድቀት እዚያ የተጀመረ አይደለም። 15ኛው ወይም 20ኛው ደቂቃ ላይ ማዕዘኖቹ ሲላሉ ሥራውን ሳያውቁት የግራ እጅዎ ተረክቦታል።

ጠዋት የሚያገኙት መወፈርና መደንዘዝ ሁለተኛው ዓይነት ድካም በአንድ ሌሊት እንዳልለቀቀዎት ያሳያል። ብዙ ተጫዋች ይህን ሲያይ «እስኪላላ ድረስ ልጫወት» ይላል። ትንሽ ቆይቶ የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ እብጠቱ ግን አልወረደም። ያበጠ ከንፈር መድኃኒቱ ዕረፍት ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ለሁለት ቀን ትራምፔቱን አይንኩት። «አምስት ሳምንት ቀርቶኝ እንዴት ሁለት ቀን አቃጥላለሁ» ብለው እንደሚሰጉ ይገባኛል፤ በሁለት ቀን ዕረፍት የሚጠፋ አቅም ግን የለም። ያን ጊዜ ከመሣሪያ ውጭ የሚሠራ አንድ አስፈላጊ ነገር አለ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጽናት የሚገነባው ከንፈር እስኪዝል በመጫወት ነው የሚለው እምነት ትራምፔት ተጫዋቾችን በብዛት የሚጎዳ ነው፤ የመጣው ምናልባት ከሩጫና ክብደት ከማንሳት ነው። እውነት ነው፣ ጡንቻ የሚጠነክረው ሥራ ሲበዛበት ነው። የሚጠነክረው ግን ከሥራው በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ትራምፔት መጫወት ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ቅንጅት ነው። ከደከሙ በኋላ የሚጫወቱት እያንዳንዱ ደቂቃ መጫንን፣ ከንፈር መወጠርንና ጉሮሮ ማጥበብን ነው የሚያስተምርዎት። ሰውነት ደጋግሞ ያደረገውን ስለሚይዝ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በደከመ ከንፈር የሚጫወት ሰው በየቀኑ ሁለት ሰዓት መጥፎ አጨዋወት ያጠናል ማለት ነው። ለዚህ ነው ትጉህ ተጫዋቾች አንዳንዴ ከሰነፎቹ የባሰ የሚቸገሩት፤ ይህን ማየት ያሳዝነኛል።

ልምምድዎ ከዕረፍቱ በኋላ እንዲህ ይሁን። አንድ ጊዜ ሲቀመጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጫወቱ፤ ከዚያ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ይረፉ። ጠንከር ባለ ቀን እንዲህ ያሉ አራት ዙሮች ይበቃሉ፤ ቀለል ባለ ቀን ሁለት። ጠንካራና ቀላል ቀን ይፈራረቁ። በዙሩ ውስጥም ቢሆን የተጫወቱትን ያህል ያርፋሉ። አንድ ሐረግ ይጫወቱና ትራምፔቱን ከከንፈርዎ ያንሱ፤ ያንኑ ሐረግ በድምፅዎ ያዚሙት፤ ጣትዎ ቫልቩ ላይ በትክክል ይሂድ። ከዚያ እንደገና ይጫወቱት። ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ዕረፍቱ በራሱ ከጨዋታው ጋር እኩል ይሆናል፣ ጆሮዎና ጣትዎም ሥራ አልፈቱም። አሁን ከሚያደርጉት በግማሽ ባነሰ የጨዋታ ጊዜ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

መቼ ማቆም እንዳለብዎት የሚነግሩዎት ምልክቶች አሉ። ማዕዘኖቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ፣ ኖታው ከምላስ ጋር እኩል ሳይነሳ ሲዘገይ፣ ድምፁ ሲቀጥን፣ ያኔ ትራምፔቱን ያውርዱ። «ይህችን ልጨርስና» አይበሉ። በዚያች መጨረሻ ነው ጉዳቱ ያለው።

የትኛው ቀን ጠንካራ፣ የትኛው ቀላል እንደሚሆን የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይወስነውም። በየጠዋቱ የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። በሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ጂ፣ ምንም ቫልቭ ሳይጫኑ፣ በምላስም ሳይመቱ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ ሊሰማ በሚችል እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ ለማስነሳት ይሞክሩ። ትንፋሹ እንደተላከ ድምፁ ከመጣ ከንፈርዎ አርፏል፤ ያሰቡትን ሥራ ይሥሩ። መጀመሪያ «ሽሽ» የሚል አየር ተሰምቶ ድምፁ ዘግይቶ ዱብ ካለ ከንፈርዎ ገና እንዳበጠ ነው። አሥር ደቂቃ በለስላሳ ድምፅ፣ ዝቅ ባሉ ኖታዎች አሟሙቀው እንደገና ይሞክሩት። አሁንም ከዘገየ ያ ቀን ቀላል ቀን ነው፤ ዕቅዱ ምንም ይበል ምን። ይህን ፈተና ጮክ ብለው አይሥሩት፤ ጩኸት እብጠትን ይሸፍናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አዲስ የጡንቻ ጉልበት ብዙ አይጨመርም፤ ያ የወራት ሥራ ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ በእርግጥ የሚቀየረው እያንዳንዱ ኖታ ከከንፈርዎ የሚወስደው ዋጋ ነው። ያንኑ ሀይ ሲ አንዱ ተጫዋች ሙሉ የክንድ ጉልበት ከፍሎበት ሲያወጣው ሌላው በትንፋሽና በማዕዘን ያወጣዋል። የሁለቱ የጡንቻ መጠን ላይለያይ ይችላል።

ከቀኝ እጅዎ ትንሿ ጣት ይጀምሩ። ትራምፔቱ ላይ ያችን ጣት የሚይዝ መንጠቆ አለ። የተሠራው ሌላው እጅ የኖታ ወረቀት ሲገልጥ ወይም ድምፅ ማፈኛ ሲያስገባ መሣሪያውን ለመያዝ ነው፤ ብዙ ተጫዋች ግን ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ መሣሪያውን ወደ ፊቱ የሚስብበት ሆኗል። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ትንሿን ጣት ከመንጠቆው አውጥተው በላዩ ላይ ያሳርፏት። መጀመሪያ ላይ ከፍ ያሉት ኖታዎች ጥቂት ይጠፉብዎታል። የጠፉት በክንድ ሲወጡ የነበሩት ናቸውና አይደንግጡ። ቀጥሎ መስታወት ፊት ይቁሙ። አንድ ረዘም ያለ ሐረግ ተጫውተው ሲያወርዱ ከንፈርዎ ላይ የማውዝፒሱ ክብ ምልክት ይታያል፤ ይህ የተለመደ ነው። ምልክቱ ጠልቆ ብዙ ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ ግን፣ በተለይ የላይኛው ከንፈር ላይ፣ የጫናዎን መጠን በዓይንዎ እያዩት ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ያለ ምንም ጫና መጫወት አይቻልም። ትራምፔት በገመድ አንጠልጥለው ሳይነኩት ከፍ ያለ ኖታ የሚነፉ ሰዎች አሉ እየተባለ ይወራል፤ ያን መከተል ጊዜ ማባከን ነው። ማውዝፒሱ አየር እንዳያመልጥ መግጠም አለበት፤ ኖታው ከፍ ሲል ጫናው ጥቂት መጨመሩም አይቀርም። የምንፈልገው አየሩን ለመዝጋት ከሚበቃው በላይ እንዳይሆን ነው፤ ክብደቱም ከላይኛው ይልቅ ወደ ታችኛው ከንፈር እንዲያጋድል።

ክንድ የተወውን ሥራ ማዕዘኖቹና ትንፋሹ ይረከባሉ። ከፍ ላለ ኖታ ፈገግ እንደሚል ሰው ከንፈርን ወደ ጎን መወጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ ሥጋው ይሳሳል፣ ጥርሱም ከኋላው በቀላሉ ይጎዳዋል። ማዕዘኖቹ ባሉበት ጠንከር ብለው፣ ከንፈሩ ወደ መሃል ይሰብሰብ። ትንፋሽን በተመለከተ ደግሞ ከፍ ያለ ኖታ ብዙ አየር አይፈልግም፤ ግፊት ያለው፣ ግን በመጠኑ ትንሽ የሆነ አየር ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው ከፍ ያለ ሐረግ ጨርሰው ሳንባዎ ሙሉ ሆኖ ትንፋሽ ያጠረዎት የሚመስለው። ውስጥ የቀረው የተቃጠለ አየር ነው። ዕረፍት ሲያገኙ መጀመሪያ እሱን ያስወጡ፣ ከዚያ አዲስ ይሳቡ። በላዩ ላይ ከሳቡበት ደረትና ጉሮሮ ይወጠራል፤ የተወጠረው ጉሮሮ ደግሞ ከንፈር ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስይዘው ልምምድ ለስላሳ ጨዋታ ነው። ረጃጅም ኖታዎችን በለሆሳስ ይያዙ። ቫልቭ ሳይቀይሩ በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ ከዝቅተኛው ሲ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ላይኛው ሲ እየተሻገሩ ይመለሱ፤ ከዚያ በሌሎቹ የቫልቭ አያያዞችም ይሥሩት። ጮክ ሲባል የሰነፈ ከንፈርም ኖታ ያወጣል፤ በለሆሳስ ግን በትክክል ያልተያዘ ኖታ ጭራሽ አይነሳም። ሙዚቃውንም ሲያጠኑ ከፍ ያሉትን ሐረጎች መጀመሪያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ጣቱን፣ ምቱንና ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ይጨርሱ። በተጻፉበት ከፍታ የሚጫወቷቸው ሁሉም ነገር ከተያዘ በኋላ፣ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጣት ያልያዘውን ነገር በሀይ ሲ አካባቢ ሃያ ጊዜ መደጋገም ከንፈርን በጣት ጥፋት መቅጣት ነው።

የጓደኞችዎ ምክር ላይ ብዙ አልቆይም። ማውዝፒስ አይቀይሩ። ጥልቀቱ ያነሰ ማውዝፒስ ድምፅን ያጠራል፣ ከፍ ያሉ ኖታዎችን በመጠኑ ያቀላል፤ የሚጫን ክንድን ግን አያቆምም። ከንፈር አዲሱን ጠርዝ እስኪለምድ ሳምንታት ይወስዳል፤ በዚያ መሃል የኖታ ቅጥነትና ውፍረት ይዛባል። ማውዝፒስ የሚመረጠው ኮንሰርት በሌለበት ወቅት፣ ከአስተማሪ ጋር ሆኖ ነው። እርሳሱ ደግሞ ማዕዘኖችን ያሠራል፤ ሐሰት አይደለም። ግን ትንፋሽም ጆሮም የሌለበት ሥራ ነው፤ ድካሙም ያው ከንፈር ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን ከንፈርዎ ዕረፍት ተርቦ ሳለ ሌላ ሥራ አይጨምሩበት። ድምፅ ለመቀነስ የሚደረግ የልምምድ ማፈኛ የሚጠቀሙ ከሆነም አያብዙት፤ የአየሩን መንገድ ያጠባል፣ ያለእሱ ሲጫወቱም መግፋት እንዲለምዱ ያደርጋል።

አሁን እነዚያ ሁለት የዕረፍት ቀናት ምን እንደሚሠራባቸው ልንገርዎ። የባንዱን የልምምድ ቅጂ ይክፈቱ፣ ሰዓት መቁጠሪያ ይያዙ፣ ከ80 ደቂቃው ውስጥ ትራምፔቱ በእርግጥ ከንፈርዎ ላይ የሚሆነው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይቁጠሩ። ዘፋኝ የሚዘፍንበት፣ ሳክስፎን ሶሎ የሚወስድበት፣ ጭብጨባና ንግግር ያለበት ይወጣል። የሚቀረው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከፈሩት ያነሰ ነው፤ የሚዘጋጁትም ለዚያ ቁጥር ነው። ከዚያ ኖታውን ዘርግተው በሦስት ቀለም ያስምሩበት። አንዱ ቀለም የትራምፔት ድምፅ ያለእርስዎ የማይሆንበት ቦታ ይሁን፤ ዜማው፣ ሶሎው፣ ያ መጨረሻው። ሌላው ድምፅዎ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ የሚሰማበት፣ በመካከለኛ ድምፅ ቢጫወቱት ማንም የማያጣው ቦታ ነው። ሦስተኛው ባይጫወቱት ወይም አንድ ኦክታቭ ዝቅ ቢያደርጉት የሙዚቃው ነገር የማይጎድልበት ቦታ ነው።

በዚህ ያፍሩ ይሆናል፤ አይፈሩበት። በትላልቅ ኦርኬስትራዎች አንደኛ ትራምፔት የሚጫወተው ሰው ረዳት ተጫዋች ከጎኑ ተቀምጦለት፣ ጫጫታ የበዛባቸውን ሐረጎች ለእሱ እየተወ ለሶሎው ከንፈሩን ማሳረፉ የተለመደ አሠራር ነው። እርስዎ ረዳት ባይኖርዎትም ሳክስፎንና ትሮምቦን አለዎት። ከመጨረሻው ሙዚቃ በፊት ባለው ዘፈን ውስጥ የእርስዎን መስመር ሳክስፎኑ ቢይዝልዎት ሀይ ሲው ላይ የሚደርሱት በሌላ ከንፈር ነው። የባንዱን መሪ አሁን ያነጋግሩት፤ የሙዚቃዎቹ ቅደም ተከተል ሲወሰን ትራምፔት የሚበዛባቸው ሁለት ሙዚቃዎች ተከታትለው እንዳይመጡ፣ ከመጨረሻው በፊትም የሚያርፉበት ዘፈን እንዲገባ ይጠይቁ። ባለሙያ ይህን የሚጠይቀው አስቀድሞ ነው።

በሙዚቃው ውስጥ ያሉ ትናንሽ ዕረፍቶችንም ይጠቀሙባቸው። አራት ባር (ባር በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚከፈል የምት ክፍል ነው) ዕረፍት ሲኖር ብዙዎች ማውዝፒሱን ከንፈራቸው ላይ እንዳስደገፉ ይቆጥራሉ። ያንሱት። ሁለት ባር ቢሆንም ያንሱት። ከንፈርዎን ላላ አድርገው አየር ያርገበግቡበት፣ ፈረስ እንደሚያደርገው፤ ያልሰለጠነ ይመስላል፣ ግን ደም ወደ ቦታው ይመለሳል። በኮንሰርቱ ሂደት ውስጥ እነዚህ ሰከንዶች ሲደመሩ ብዙ ደቂቃ ናቸው። የት የት እንደሚያነሱ ኖታው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ መድረክ ላይ በስሜት ውስጥ ሆኖ ማስታወስ ከባድ ነው።

ኮንሰርቱን በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር መጫወቱን ዛሬ ያቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድም ጊዜ ሙሉውን አይጫወቱም፤ በክፍል በክፍል ነው የሚሠሩት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሙሉውን ይጫወታሉ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ልዩነት ኖሮ። ሲጫወቱትም እንደ መድረኩ ይሁን፤ በተቀለመው ኖታ፣ ጭብጨባና ንግግር የሚወስደውን ጊዜ ሳይቀር እየጠበቁ። ሳያርፉ አያይዘው መጫወት ጀግንነት ሊመስል ይችላል፤ ግን በዚያ ዕለት የማይገጥምዎትን ነገር ነው የሚለማመዱት። ከባንዱ ጋር ልምምድ ባለበት ቀን ሌላ የግል ልምምድ አይኑር፤ ከማሟሟቅ በስተቀር። ለባንዱ የሚያስፈልገው መግቢያና መውጫዎን ማወቅ ከሆነም ከፍ ያሉትን ዝቅ አድርገው ይጫወቱላቸው፤ አስቀድመው ከነገሯቸው ቅር አይላቸውም።

በመጨረሻው ሳምንት የጨዋታ ጊዜዎ በግማሽ ይቀንስ። የመጨረሻው ሙሉ ጨዋታ ከኮንሰርቱ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት ይሁን። በዚህ ሳምንት የሚጨመር አቅም የለም፤ የሚጠፋ ግን አለ። ፍርሃቱ «አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክራት» እያለ ወደ ሀይ ሲ ይጎትትዎታል። በዋዜማው 20 ደቂቃ በለስላሳ ድምፅ ይጫወቱና ትራምፔቱን ይክደኑት።

በዕለቱ ብዙ ከንፈር የሚበላው ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም ከኮንሰርቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ ነው። የድምፅ ባለሙያው ደግመህ ንፋ ይላል፤ ከበሮው ሲስተካከል ሌላው ሁሉ ይጫወታል፤ ትራምፔቱም ሳይታወቅ አብሮ ይጮኻል። በሙሉ ድምፅ የሚሰማበትን አንድ ሐረግ፣ በመካከለኛ ከፍታ፣ ሁለት ጊዜ ይስጡት፤ ከዚያ ያስቀምጡት። ማሟሟቁ ጠዋት ወይም ከሳውንድ ቼኩ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። መድረክ ሊወጡ ሲሉ ጥቂት ዝቅ ያሉ ኖታዎች በለሆሳስ በቂ ናቸው። ከመድረክ ጀርባ ከፍ ያለ ኖታ አይሞክሩ። ከወጣልዎት ምንም አልጨመረልዎትም፤ ካልወጣ ፍርሃት ይዘው ይገባሉ። የመጀመሪያውን ሙዚቃ ደግሞ ከፈለጉት ድምፅ ጥቂት ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ሕዝብ ፊት ሁሉም ሰው ሳያውቀው ከልምምዱ አብዝቶ ይነፋል። ራስዎን መስማት ካልቻሉ ወደ እርስዎ የዞረውን ድምፅ ማጉያ (ሞኒተር) ከፍ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ በከንፈርዎ አይታገሉት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም። ከንፈር ውስጥ ስለት ያለው ሕመም ከተሰማዎት፣ በድንገት የሆነ ነገር የተበጠሰ ከመሰለዎት፣ አንድ ቦታ ላይ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ካገኙ፣ ቀድሞ የማያስቸግር ቦታ ላይ አየር ማምለጥ ከጀመረ፣ ወይም በሁለቱ የዕረፍት ቀናት መደንዘዙ ካልለቀቀዎት መጫወት አቁመው ሐኪም ያማክሩ። የከንፈር ዙሪያ ጡንቻ በትራምፔት ምክንያት ሊቀደድ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕክምና ጽሑፍ ይህ ጉዳት «የሳችሞ ሲንድረም» ተብሏል፤ ሳችሞ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ የሉዊስ አርምስትሮንግ ቅጽል ስም ነው። አርምስትሮንግ በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተጎድቶ ለወራት ከመጫወት የራቀበት ጊዜ ነበር። ሌላው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ፍሬዲ ኸባርድ ደግሞ በ1992 የላይኛው ከንፈሩ ተጎድቶ ሳያርፍ መጫወቱን ቀጠለ፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው አቅሙ አልተመለሰለትም። በትውልዱ ከነበሩት እጅግ ኃይለኛ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ጉልበት ከዚህ ጉዳት አያድንም።

የሕመም ማስታገሻ ውጠው ለመጫወት አይሞክሩ፤ ማስታገሻው የሚያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ነው። ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ከወጣ እስኪድን ይጠብቁ፣ ማውዝፒስዎንም ለማንም አያውሱ። ከፍ ያለ ኖታ ሲይዙ ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ተቀምጠው ይለማመዱ፣ የያዙትንም ያሳጥሩ። ግላኮማ ያለበት ሰው ትራምፔት እንደሚጫወት ለዓይን ሐኪሙ መንገር አለበት፤ በኃይል ሲነፋ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል።

ይህን ሁሉ ቢያደርጉም አምስት ሳምንት ገደብ አለው። 40ኛው ደቂቃ ላይ የሚገጥምዎትን ውድቀት አልፈው 80ውን በጥሩ ድምፅ መጨረስ የሚቻል ይመስለኛል፤ አሁን ተረጋግቶ የማይወጣ ሀይ ሲ ግን በኮንሰርቱ መጨረሻ እንደሚወጣ ማንም ቃል ሊገባልዎት አይችልም። ስለዚህ ውሳኔውን ለመድረኩ አይተዉት። በአራተኛው ሳምንት ሁለቱን ሙሉ ጨዋታዎች ሲጫወቱ ሀይ ሲው በሁለቱም ቀን ሳይገፉት ከወጣ እንደተጻፈው ይተዉት። በአንዱም ቀን ከከሸፈ የመጨረሻውን ሐረግ ወደ ጂ ወይም አንድ ኦክታቭ ዝቅ ወዳለው ሲ ይቀይሩት። ጂው በመጨረሻው ኮርድ (አብረው በሚሰሙት ኖታዎች) ውስጥ መኖሩን ከመሪው ጋር አይተው ለሳክስፎንና ለትሮምቦን ይንገሩ፤ አዲሱን ኖታም በአሮጌው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉት።